«ጠበቀ» ማለት ስንት ነው? የጎማ ብሎንና የቶርክ ሬንች ሳይንስ

በስዊድን መንገዱ በረዶ ወይም ግግር በሚይዝበት ጊዜ፣ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 31 ባሉት ወራት፣ በበረዶ ጎማ ማሽከርከር ግዴታ ነው። በካናዳዋ የኬቤክ ግዛት ደግሞ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ተመሳሳይ ሕግ ይሠራል። በእነዚህና መሰል አገሮች የሚኖር ባለመኪና በዓመት ሁለት ጊዜ አራቱንም ጎማዎች ይቀይራል። በእያንዳንዱ ጎማ ላይ አምስት ዳዶ ካለ፣ በየዓመቱ 40 ጊዜ አንድ ዳዶ ተፈትቶ እንደገና ይታሰራል ማለት ነው። አንዱ ወደ ጋራዥ ይሄዳል፤ ሌላው ክሪክና የጎማ መፍቻ ይዞ በራሱ ግቢ ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ የሚነሣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ «ጠብቋል?» የተለመደው መልስም «አዎ፣ ደህና አድርጌ አጥብቄዋለሁ» የሚል ነው።

ለምሕንድስና ይህ መልስ በቂ አይደለም። «ደህና አድርጎ» የሚለው ቃል በአንዱ ክንድና በሌላው ክንድ መካከል ይለያያልና ልኬት ሊሆን አይችልም።

ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከከባድ መኪኖች ላይ እየተነቀሉ የወጡ ጎማዎች በሌሎች ተሽከርካሪዎች ውስጥ የነበሩ ሰዎችን ገደሉ። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው ወደ 100 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚጓዝ መኪና ላይ ሳለ ከተነቀለ፣ የሚያቆመው ነገር እስኪያጋጥመው ድረስ በዚያው ፍጥነት ይገሰግሳል። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣችው ሕግ ጠንካራ ነበር። ከንግድ ተሽከርካሪው ላይ ጎማ የተነቀለበት ድርጅት ከ2,000 እስከ 50,000 የካናዳ ዶላር ይቀጣል፤ «ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጌ ነበር» የሚል መከላከያም አይቀበልም። ጎማ በተለያየ ምክንያት ሊነቀል ይችላል፤ በትክክል ያልታሰረ ዳዶ ግን ከምክንያቶቹ ሁሉ በቀላሉ ሊወገድ የሚችለው ነው።

ብሎን እንደ ሞላ

ብዙ ሰው የመኪናውን ክብደት ብሎኖቹ እንደ ምሰሶ ተሸክመውት የሚሄዱ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ዳዶው በብሎኑ ጥርስ ላይ እየዞረ ሲገባና ቸርኬው ላይ ሲያርፍ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ እያንዳንዱ ዙር ብሎኑን በጥቂቱ ይለጥጠዋል። ብረት በዓይን ባይታይም እንደ ሞላ ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ሞላ ደግሞ ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ይጎትታል። ይህ ጉተታ ቸርኬውን ጎማው ከሚታሰርበት ክብ ብረት ማለትም ከሐቡ ጋር ጨምቆ ያጣብቀዋል።

የመኪናውን ክብደት፣ የፍሬኑን ግፊትና የመታጠፊያውን ጫና ከቸርኬው ወደ ሐቡ የሚያሸጋግረው በእነዚህ ሁለት የተጣበቁ ገጾች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ብሎኑ በሚገባ እስከተለጠጠ ድረስ ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ አይንሸራተቱም። ልጠጣው ካነሰ ግን ቸርኬው በጥቂቱ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ብሎኑ ያልተሠራበትን ሥራ ለመሥራት ይገደዳል።

እንግዲህ መካኒኩ የሚፈልገው ነገር ልጠጣው ነው። ልጠጣውን ግን በጋራዥ ውስጥ በቀጥታ ለመለካት አይመችም። ስለዚህ በእጅ ሊለካ የሚችል ሌላ ነገር ይለካል፤ ይኸውም ዳዶውን ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል ነው። ይህ የማዞር ኃይል ቶርክ ይባላል፤ መፍቻው ላይ ያረፈው ኃይል፣ ኃይሉ ካረፈበት ቦታ እስከ ዳዶው መሐል ባለው ርቀት ተባዝቶ ይገኛል። በአንድ ሜትር ርዝመት ጫፍ ላይ የአንድ ኒውተን ኃይል ሲያርፍ አንድ ኒውተን ሜትር ይሆናል።

ከጉልበቱ አንድ አሥረኛው ብቻ

ቶርክንና ልጠጣን የሚለያያቸው ሰበቃ ነው። በምሕንድስና ዘንድ በሰፊው በሚሠራበት ግምት መሠረት፣ ዳዶ ለማጥበቅ ከሚወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ዳዶው በሚያርፍበት ገጽ ላይ በሰበቃ ይጠፋል። 40 በመቶ ያህሉ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይባክናል። ብሎኑን ለመለጠጥ የሚውለው የቀረው 10 በመቶ ብቻ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ሲታይ ይገለጣል። ብዙ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች የጎማ ብሎናቸው ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ አምራቹ የሚያዘው ቶርክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ለደረቅ ብሎን በተለመደው ስሌት ይህ ቶርክ በእያንዳንዱ ብሎን ላይ 43,000 ኒውተን ያህል ጉተታ ይፈጥራል፤ ይህም የ4.4 ቶን ክብደት ያህል ነው። አምስቱ ብሎኖች በአንድነት ቸርኬውን ከ21 ቶን በሚበልጥ ኃይል ጨምቀው ይይዙታል ማለት ነው።

አሁን አንድ ደግ አሳቢ ሰው «እንዳይዝግ» ብሎ ጥርሱን ዘይት ቢቀባውስ? ዘይቱ ሰበቃውን ይቀንሳል፤ ቶርክ ሬንቹ ያንኑ 103 ቁጥር ያሳያል፤ ብሎኑ ግን በተመሳሳይ ስሌት ወደ 57,000 ኒውተን ገደማ ይለጠጣል። የአንድ ሦስተኛ ጭማሪ ነው። በተቃራኒው ጥርሱ የዛገና አሸዋ የገባበት ከሆነ ጉልበቱ ሁሉ በሰበቃ ያልቃል፤ መሣሪያው «በቃ» ሲል ብሎኑ ገና በሚገባ አልተለጠጠም። ጥሩ ቶርክ ሬንች የሚያሳየው ቶርክ ከትክክለኛው ቢርቅ 4 በመቶ ያህል ነው፤ የልጠጣው ኃይል ግን በሰበቃ ልዩነት ብቻ እስከ 30 በመቶ ገደማ ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህም የሥራው ትልቁ ክፍል መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት የሚሠራው ነው።

ሲላላና ከልክ ሲያልፍ

ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው ጥናት፣ ብሎንን ከሁሉ ይበልጥ የሚያላላው ከጎን ወደ ጎን የሚደረግ ትንሽ መንሸራተት መሆኑን አሳየ። የታሰሩት ሁለት ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ የጥርሱ ሰበቃ ለቅጽበት ይለቃል፤ ዳዶውም በየጊዜው በጥቂቱ ወደ ኋላ ይዞራል። የአንድ አነስተኛ መኪና ጎማ በአንድ ዙር ወደ ሁለት ሜትር ይጓዛል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ 50,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። በላላ ጎማ ላይ እያንዳንዱ ዙር ብሎኑን አንድ ጊዜ ያጎብጠዋል። ሽቦ ደጋግሞ ሲታጠፍ እንደሚበጠስ ሁሉ ብሎኑም በብረት ድካም ይሰበራል፤ አንዱ ሲሰበር ጭነቱ ለቀሩት ይተርፋል።

ታዲያ «እስከቻሉት ድረስ ማጥበቅ» መፍትሔ ይሆናልን? አይሆንም። በኢትዮጵያ ጎሚስታ ቤቶችም ሆነ በሌላ አገር በየመንገዱ ዳር፣ የጎማ መፍቻው እጀታ ላይ በእግር ቆሞ ማጥበቅ የተለመደ ነው። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ከዳዶው 40 ሴንቲ ሜትር በራቀ እጀታ ላይ ቢቆም 275 ኒውተን ሜትር ያህል ቶርክ ይፈጥራል፤ ለኮሮላው ከታዘዘው ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። እጀታው ላይ ቱቦ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ሞላ ከልኩ በላይ ሲጎተት ወደ ቀድሞ ርዝመቱ እንደማይመለስ ሁሉ፣ ከልክ በላይ የተጎተተ ብሎንም ለዘለቄታው ይለጠጣል። ጥርሱ ይበላል፤ የአሉሚኒየም ቸርኬ መቀመጫው ይጎዳል። አንዱ ዳዶ በጣም ጠብቆ ሌላው ሲላላ ከቸርኬው በስተጀርባ ያለው የፍሬን ዲስክ ሊጣመም ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጠው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም መዘዝ አለ። በሌሊት፣ በአውራ ጎዳና ዳር ጎማው የተነፈሰበት አሽከርካሪ በመኪናው ውስጥ ባለው አጭር መፍቻ ያንን ዳዶ ሊፈታው አይችልም።

መሣሪያው

ቶርክ ሬንች የተወለደው ለመኪና ተብሎ አይደለም። ኮንራድ ባር የተባለ የኒው ዮርክ ከተማ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1918 ከመሬት በታች ያሉ የውኃና የእንፋሎት ቧንቧ መጋጠሚያዎች ብሎኖቻቸው ከልክ በላይ እንዳይጠብቁ ለመከላከል እንደ ፈጠረው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ባር ከጆርጅ ፕፌፈርለ ጋር የሚስተካከል ቶርክ ሬንች የፈጠራ መብት አገኘ።

ዛሬ በብዛት የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሲጎተት የሚጎብጥ ዘንግና ቁጥሩን የሚያመለክት መርፌ ያለው ነው፤ ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን ቁጥሩን ለማንበብ ግን ዓይን ከመርፌው ፊት ለፊት መሆን አለበት። ሁለተኛው በእጀታው ውስጥ ሞላ ያለው ነው፤ የተፈለገው ቁጥር አስቀድሞ ይሞላለታል፤ ቶርኩ ሲደርስም «ቀጭ» ብሎ በእጅ ላይ ይሰማል። ሦስተኛው ቁጥሩን በስክሪን የሚያሳይ ዲጂታል ነው። በየቤቱ የሚገኘው ባለ«ቀጭ»ው ስለሆነ፣ ቀጥሎ ያለው በይበልጥ እርሱን ይመለከታል።

አሠራሩ በቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ቁጥሩ ይታወቃል። ለሁሉም መኪና የሚሠራ አንድ ቁጥር የለም። ኮሮላው 103 ሲፈልግ፣ 14 ሚሊ ሜትር ብሎን ያለው ፎልክስቫገን ጎልፍ 120 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል። በአሜሪካ ጎዳናዎች ላይ በብዛት የሚታዩት ባለ 22 ሚሊ ሜትር ብሎን ከባድ መኪኖች ደግሞ ከ610 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ይታዘዝላቸዋል። እርግጠኛው ምንጭ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ነው።

ቀጥሎ ገጾቹ ይጸዳሉ። በሐቡና በቸርኬው መካከል የሚቀር ዝገት፣ ጭቃ ወይም ወፍራም ቀለም በጉዞ ላይ ይፈረፈራል፤ እርሱ የያዘው ቦታ ባዶ ሲቀር ብሎኑ ልጠጣውን ያጣል። በትክክለኛ ቶርክ የታሰረ ጎማ ከጥቂት ቀን በኋላ ላልቶ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ጥርሶቹ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋሉ። ዘይት ግን መመሪያው ካላዘዘ በቀር አይቀባም። መመሪያው የሚያዝበት ጊዜም አለ፦ ከላይ በተጠቀሱት ከባድ መኪኖች ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት በጥርሱና በዳዶው ሮንዴላ መካከል እንዲደረግ አምራቾች ያዛሉ፤ የታዘዘው ቁጥርም ዘይቱን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ቁጥሩ የተሰላው ለየትኛው ሁኔታ ነው?

የዳዶው ቅርጽም ይታያል። አንዳንዱ ዳዶ ሾጣጣ፣ አንዳንዱ ክብ፣ ሌላው ጠፍጣፋ መቀመጫ አለው። ሾጣጣው በክቡ መቀመጫ ላይ ቢገባ የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ነውና ቶርኩ ትክክል ቢሆንም አይጸናም። ቸርኬ ሲቀየር ዳዶውም አብሮ መቀየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚያ ዳዶዎቹ በጣት ይጀመራሉ። በጣት የማይዞር ዳዶ ጥርሱ ተዛንፎ ሊሆን ይችላል፤ በመፍቻ ማስገደድ ጥርሱን ያበላሻል። ጎማው ገና በክሪክ ላይ ሳለ ዳዶዎቹ በቀላል መፍቻ እስኪያርፉ ድረስ ይጠብቃሉ። መኪናው ዝቅ ብሎ ጎማው መዞር እንዳይችል መሬት ሲነካ ቶርክ ሬንቹ ይነሣል።

ቅደም ተከተሉ በክብ ዙሪያ ሳይሆን በኮከብ ቅርጽ ነው። አምስት ዳዶ ካለ በእያንዳንዱ ጊዜ አንዱን እየዘለሉ ወደ ትይዩው መሄድ፣ አራት ካለ ደግሞ በመስቀል ማጥበቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ዙር ሁሉም እስከ ግማሽ፣ በሁለተኛው እስከ ሙሉው ቁጥር ይጠብቃሉ። እንዲህ ሲሆን ቸርኬው በእኩልነት ይቀመጣል።

እጅ መያዝ ያለበት ለእጀታው በተሠራው መያዣ መሐል ላይ ነው። መፍቻው ከብሎኑ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ፣ ሳይነጥቁ፣ በዝግታና ባልተቋረጠ ጉተታ ይሳባል። «ቀጭ» ሲል ወዲያው ይቆማል። ብዙ ሰው «ለማረጋገጥ» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ያስጮኸዋል፤ ይህ ግን ዳዶውን በየጊዜው ጥቂት እየጨመረ ከታዘዘው ቁጥር ያሳልፈዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስህተት ግን ሌላ ነው። ሥራ በበዛበት ጋራዥ ዳዶው በአየር ግፊት ወይም በባትሪ በሚሠራ መፍቻ እስከ መጨረሻው ይጠብቅና፣ ቶርክ ሬንቹ ለደንቡ ያህል ይነካዋል። መሣሪያው ሳይዞር ወዲያው «ቀጭ» ይላል፤ ባለመኪናውም ረክቶ ይሄዳል። ይህ ድምፅ የሚመሰክረው ዳዶው ከታዘዘው ቁጥር አለማነሱን ብቻ ነው። በእጥፍ አልፎ እንደሆነ አይናገርም። ዳዶው ከ«ቀጭ»ታው በፊት በጥቂቱ ሲዞር ካልታየ፣ ትክክለኛው ሥራ ፈትቶ እንደገና ማሰር ነው።

ሁለት ቁጥር፣ አንድ ዳዶ

አገር ለለወጠ ሰው አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። በአሜሪካ ቶርክ በብዛት የሚለካው በፉት ፓውንድ ነው፤ በአውሮፓ በኒውተን ሜትር። አንድ ፉት ፓውንድ 1.356 ኒውተን ሜትር ነው። ስለዚህ የኮሮላው ዳዶ በአንዱ መለኪያ 76፣ በሌላው 103 ይሆናል። በብዙ መሣሪያዎች ላይ ሁለቱም መስመሮች ጎን ለጎን ተቀርጸዋል።

ከአሜሪካ የመጣ መመሪያ አንብቦ 76 ቁጥርን በኒውተን ሜትሩ መስመር የሞላ ሰው ዳዶውን ከሚገባው በ26 በመቶ አላልቶ ይሄዳል። 103ን በፉት ፓውንዱ መስመር የሞላው ደግሞ ወደ 140 ኒውተን ሜትር ያደርሰዋል፤ 36 በመቶ ጭማሪ ነው። ሁለቱም «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ይሰማሉ። በአንዳንድ የጃፓን መኪኖች መጽሐፍ ደግሞ ሦስተኛ መለኪያ ይገኛል፤ ኪሎ ግራም ሜትር የሚባለው ሲሆን በርሱ የኮሮላው ቁጥር 10.5 ነው። ከቁጥሩ በፊት የመለኪያው ስም መነበብ አለበት።

ቶርክ ብቻውን የማይበቃበት

በሞተር ውስጥ ያሉት ብሎኖች ጥያቄው ይበልጥ የሚጠብቅባቸው ናቸው። ቴስታታውን ከሞተሩ አካል ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ልጠጣቸው እኩል ካልሆነ ጋስኬቱ ይቀደዳል፤ ውኃና ዘይት ይደባለቃሉ። ሰበቃ ልጠጣን እንዲህ የሚያዋዥቅ ከሆነ ቶርክ ብቻውን እዚህ አይታመንም። ስለዚህ ብዙ አምራቾች ብሎኑ መጀመሪያ በዝቅተኛ ቶርክ እንዲያርፍ፣ ከዚያ በኋላ በዲግሪ ተለክቶ እንዲዞር ያዛሉ፤ ለምሳሌ 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎም ሌላ 90 ዲግሪ።

ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሩብ ዙር ዳዶውን ወይም ብሎኑን 0.375 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ይወስደዋል፤ ዘይት ቢኖርም ባይኖርም ይህ አይለወጥም። በዚህ መንገድ የሚታሰሩ ብዙ ብሎኖች ሆን ተብሎ ከመለጠጥ ወሰናቸው ድረስ ስለሚጎተቱ አንዴ ከተፈቱ በኋላ በአዲስ መተካት አለባቸው።

የዘይት ማፍሰሻ ብሎንና ካንዴላም በአብዛኛው አሉሚኒየም ውስጥ ስለሚገቡ ጥርሳቸው በቀላሉ ይበላል። የሚፈልጉት ቁጥር ከጎማው በጣም ያንሳል፤ የማፍሰሻ ብሎን በብዙ መኪኖች ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ባለው ውስጥ ነው። ለነዚህ ትልቁ የጎማ ቶርክ ሬንች አይሆንም፤ መሣሪያ ከአቅሙ በታችኛው አንድ አምስተኛ ላይ አስተማማኝ አይደለምና።

ከሥራው በኋላ

ቶርክ ሬንች መለኪያ ስለሆነ እንደ ሚዛን ይያዛል። የጠበቀ ዳዶ ለመፍታት አይውልም፤ ሥራው ሲያልቅ ሞላው እንዳይደክም ወደ ዝቅተኛው ቁጥሩ ይመለሳል፤ ከዚያ በታች ግን አይፈታም። ከወደቀ ልኬቱ መመርመር አለበት። ዓለም አቀፉ ደረጃ አይኤስኦ 6789፣ የተለየ መመሪያ ከሌለ፣ በየ12 ወሩ ወይም ከ5,000 አጠቃቀም በኋላ እንዲፈተሽ ይመክራል።

የመጨረሻው ሥራ ጎማው ከታሰረ በኋላ ባሉት ቀናት የሚሠራ ነው። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ ጎማው ሲበርድ፣ ዳዶዎቹ በዚያው ቁጥር እንደገና ይፈተሻሉ። አንዱ ዳዶ በጥቂቱ ዞሮ «ቀጭ» ቢል ገጾቹ እየተቀመጡ ነው ማለት ነው። ብዙ ከዞረ ግን ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ጎማው ወርዶ ዝገት፣ የተበላ ጥርስ ወይም የማይገጥም ዳዶ መኖሩ መታየት አለበት። በአውቶቡሶችና በከባድ መኪኖች ጎማ ላይ የሚታዩት ቀስት የሚመስሉ ባለቀለም ፕላስቲኮችም ለዚሁ የተደረጉ ናቸው፤ ዳዶው ሲዞር ቀስቱ ከጎረቤቱ ጋር የነበረውን አቅጣጫ ይስታል፤ አሽከርካሪውም በእግሩ አንድ ጊዜ መኪናውን ዞሮ ያስተውለዋል።

ይህ ዳግመኛ ፍተሻ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ጎማውን ጋራዥ ያሰረው ቢሆንም እንኳ መኪናው ከዚያ ከወጣ በኋላ ያለው ፍተሻ የባለመኪናው ድርሻ ነው።